ለአባቴ ሲዲና ሬዲዮ ያለው ርካሽ ቴፕ ጎንደር ላይ የት ላግኝ?

ባለሲዲው፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ ነበር አትሳቁብኝ ብቻ። ሲዲ ሚያጫውት ሬዲዮ ያለው ቴፕ፣ ያ ድሮ እጀታ ያለው አንጠልጥለህ ከሳሎን ወደ በረንዳ ይዘኸው ምትወጣው ነገር፣ እሱን ፍለጋ ከተማውን አዳረስኩት። ለአባቴ ነው። አባቴ መሪጌታ ነው፣ በአታ አቋቋም የተማረ፣ አሁን ግን እድሜም ተጫነው አይኑም ደከመና ከደጅ እምብዛም አይወጣም፣ ስራው ቀኑን ሙሉ መስማት ሆኗል። ጠዋት ሬዲዮ፣ ከዛ መዝሙር፣ ከሰአት ስብከት፣ ማታ 1 ሰአት ላይ የጀርመን ድምፅ፣ እንዲህ ነው ቀኑ ሚዞረው። የድሮው ቴፑ አምና ሲዲ ስትከትበት "ኖ ዲስክ" እያለ ሲያስቸግር ቆይቶ ጭራሽ ዝም አለ።

ስልክ ላይ ጫንለት እንዳትሉኝ፣ ተሞክሯል። እህቴ ደህና ስልክ ገዝታ ሁሉንም ሚሞሪ ላይ ጭናለት ነበር፣ ጣቱ ስክሪኑን ነካ ባደረገ ቁጥር ማህሌቱ ወደ ሌላ ይዘላል፣ ሲመቻችለት ደግሞ መሃል ላይ ይደወላል፣ ሶስት ቀን ታግሶ "ይሄን መስታወት ውሰጅልኝ" ብሎ መለሰላት።

ደግሞ ሲዲዎቹ አሉ። አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ 63 ናቸው። መዝሙር አለ፣ ስብከት አለ፣ ተማሪዎቹ ማህሌት ቀድተው ያመጡለት አለ ላዩ ላይ በማርከር ዘመነ ጽጌ ምናምን ተብሎ የተጻፈበት። ጽሁፉን አያነበውም ግን በእጁ ዳብሶ ያውቃቸዋል፣ አንዷ ጠርዟ ተሸርፏል፣ አንዷ ላይ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል፣ በዚያ በዚያ ነው ሚለያቸው።

ፒያሳ ያሉትን ኤሌክትሮኒክስ ቤቶች ዞርኩ፣ "ሲዲ? ዘንድሮ?" ብለው ይስቃሉ፣ ባለፍላሽ ስፒከር ያወጡልሃል መብራቱ ቀይ ሰማያዊ ሚለው። ቅዳሜ ገበያ አንዱ ጋ ከላይ ክብ ክዳን ያለው አይቼ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ፣ ክዳኑን ልከፍት ስል ለካ ጌጥ ነው አይከፈትም። በጀቴ 6 ሺህ ብር ነው፣ ከባሰ 7። ያገለገለም ቢሆን ግድ የለኝም። የት ልሂድ ምንስ አይቼ ልግዛ?

ማራኪ_ልጅ፦

ወንድሜ እውነቱን ልንገርህ፣ ብርህን አታባክን። 63 ሲዲ ማለት እኮ ወደ ኤምፒ3 ከተቀየረ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ገብቶ ይተርፋል። ባለፍላሿን ስፒከር ግዛ ኤፍ ኤምም አላት ቻርጅም ታደርጋለህ መብራት ሲጠፋም አትቸገርም። ሲዲ ሞቷል አለቀ።

ባለሲዲው፦

ማራኪ_ልጅ ገብቶኛል፣ ለኔ ቢሆን እንደዛው ነበር ማደርገው። ግን እስኪ አስበው፣ 63 ሲዲ አንድ ፍላሽ ላይ ገባ፣ አባቴ ዛሬ የጽጌን ልስማ ቢል 700 ፋይል ውስጥ ቀጥል ቀጥል እያለ ሲጫን ሊውል ነው? የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍቶ ዳብሶ አውጥቶ ራሱ ሲከተው ነው ደስ ሚለው።

ካቻቢቴ፦

ሰላም፣ እኔ በጥገና ስራ ረጅም ጊዜ ቆይቻለሁ፣ ቴፕም ዴክም በእጄ ያላለፈ የለም፣ እና ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ አዲስ ከመግዛትህ በፊት የድሮውን አምጣው። "ኖ ዲስክ" ሚል ቴፕ ሁሉ ሞቷል ማለት አደለም፣ ብዙ ጊዜ ሌንሱ አቧራ ለብሶ ነው፣ እኛ አገር ደግሞ የከሰልና የእጣን ጭስ አለ፣ እሱ እንደ ቅባት ሆኖ ይለጠፋል፣ የመሪጌታ ቤት ከሆነ ደግሞ እጣኑ መቼም አይጠፋም። የጆሮ ጥጥ ጫፉን በንጹህ አልኮል ነካ አድርጎ ሳይጫኑ ሌንሷን ጠረግ ማድረግ ነው፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ምክንያቱም ሌንሷ በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለች ነገር ናት ከተጫንካት ትሄዳለች። ቤንዚን እንዳታስነካት። መብራቱ ተነቅሎ ነው ይሄ ሁሉ፣ የሲዲ ሌዘር አብዛኛው ለአይን አይታይም ግን አይን ይጎዳል። ጠርገኸው እምቢ ካለ ሌንሱ ደክሟል ማለት ነው፣ እሱም ይቀየራል፣ ብዙ ቴፖች ውስጥ ያለው ተመሳሳይ ነው፣ ኬኤስኤስ 213ሲ ሚባለው ለምሳሌ ስንት አይነት ቴፕ ውስጥ ነው ምታገኘው። ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻላል።

ልግዛ ካልክ ደግሞ ሱቅ ስትሄድ ባዶ እጅህን አትሂድ። ከአባትህ ቆርቆሮ ሶስት ሲዲ ይዘህ ሂድ፣ አንድ ከሱቅ የተገዛ ኦሪጅናል፣ አንድ ተማሪዎቹ በኮምፒዩተር የቀዱት፣ አንድ ደግሞ በጣም የተጫረ። ሻጩ የራሱን አንድ የተወለወለች ሲዲ ከቶ ያሰማሃል፣ እሷን ማንም ያነባታል። ከዛ የመጀመሪያውን ትራክ ሰምተህ አትርካ፣ የመጨረሻውን ክፈት። ሲዲ ሚነበበው ከመሃል ወደ ዳር ነው እንደ ሸክላ ከዳር ወደ መሃል አደለም፣ ስለዚህ የደከመ ቴፕ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይጫወትና ወደ ዳር ሲወጣ መዝለል ይጀምራል፣ ብዙ ሰው እዚች ላይ ነው ሚሸወደው። ሃያ ደቂቃ ያህል አስቀምጠህ አዳምጠው፣ ሲሞቅ ሚያቋርጥ አለ። ከዛ የድንጋይ ቤቱን ክፈት፣ ነጭ ወይ አረንጓዴ ነገር ካለ ድንጋይ ፈሶበት ያውቃል ማለት ነው። ድምፅ መጨመሪያውን ስታዞረው ኮርኮርኮር ካለ እሱ ችግር የለውም ይጸዳል፣ ዋጋ አስቀንስበት።

500 ዋት ምናምን ተብሎ የተጻፈበትን አትመን። ከጎኑ ፒኤምፒኦ ሚል ካለ የገበያ ቁጥር ነው፣ በስድስት ድንጋይ ሚሰራ ነገር ከየት አምጥቶ ነው 500 ዋት ሚያወጣው።

ስለ ድንጋይ ካነሳን፣ ስንት ድንጋይ ምን አይነት እንደሚበላ ሳታይ እንዳትገዛ። ትልቁ ድንጋይ የትም ሱቅ አለ፣ ቀጭኗም አለች፣ መካከለኛዋ ግን ናት ማትገኘው፣ የውጭዎቹ ቴፖች ደግሞ ብዙዎቹ ስድስት መካከለኛ ነው ሚወስዱት። ሌላው ሬዲዮ ብቻ ስትሰማ ድንጋይ ረጅም ይቆያል፣ ሲዲ ሲሆን ግን ሞተሩም ሌዘሩም አለ በብዙ እጥፍ ይበላል። አንዲት ዘዴ ልስጥህ፣ ስምንት ድንጋይ ሚወስድ ካገኘህ 8 በ1.5 ሲባዛ 12 ቮልት ነው፣ እና ከኋላው የዲሲ ቀዳዳ ካለው 12 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት፣ ከሶላር ባትሪ ላይ በቀጥታ ማስነሳት ትችላለህ። ፕላስና ማይነሱን ግን ከቀዳዳው ጎን ካለው ስእል አይተህ ነው፣ ከተገላበጠ ደህና ሰንብት።

ባለሲዲው፦

ካቻቢቴ አቦ ይመችህ፣ እንዲህ አይነት መልስ ነበር የፈለኩት። የድሮውን አምጣው ላልከው ግን አሳዛኝ ዜና አለኝ፣ የአጎቴ ልጅ "አይሰራም አይደል?" ብሎ ወስዶ ስፒከሮቹን ባጃጁ ላይ ገጠማቸው። ቀሪው አካሉ የት እንዳለ እግዜር ይወቀው።

እመት_አዘዞ፦

ልጄ እኔም አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ፣ ዘመድ ከአሜሪካ ይላክልኝ እንዳትል። እህቴ ስትመጣ ለኔ ብላ በሻንጣ ተሸክማ ሲዲም ካሴትም ሬዲዮም ያለው የሚያምር ቴፕ አመጣችልኝ፣ ስንት ዶላር የከፈለችበት። ቡና አፍልተን ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሶኬቱ አልገጥም ብሎ ልጄ ሮጦ ማስገጠሚያ ገዝቶ መጣና ሰካው፣ አንድ ጊዜ ድም አለ ከዛ ጭስ፣ የቡናው ጭስ መስሎን ነበር መጀመሪያ። ለካ የነሱ መብራት 120 ነው የኛ 220። ማስገጠሚያው እኮ ቅርጹን ነው ሚቀይረው መብራቱን አይቀንሰውም፣ ማን ነግሮን። እህቴ እስካሁን በስልክ ስታወራኝ "ያ ቴፕ እንዴት ነው" ትለኛለች፣ ደህና ነው እላታለሁ።

ካቻቢቴ፦

እትዬ ትክክል ኖት፣ ስንቱን በጆንያ አምጥተውልኛል እንደዛ። ከኋላው ያለችውን ጽሁፍ ማንበብ ነው፣ ከ100 እስከ 240 ካለ ችግር የለም፣ 120 ቮልት 60 ኸርዝ ብቻ ካለ መብራት ቀናሽ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከኋላው 110 እና 220 ሚል መቀያየሪያ አለው እሱን በጥፍር ገፋ ማድረግ ነው። የእርሶም ትራንስፎርመሩ ብቻ ተቃጥሎ ይሆናል ሊድን ይችላል፣ አልጣሉትም አይደል?

እመት_አዘዞ፦

አልጣልኩትም፣ ቁም ሳጥን ላይ ነው አበባ አስቀምጬበታለሁ።

አዲስዓለም፦

አሰላሙ አለይኩም፣ እኔ ለአባቴ ያደረኩትን ልንገርህ፣ የሱ መንዙማ ነው ያንተ ማህሌት ነው እንጂ ችግሩ አንድ ነው። ዲስክማን ታውቃለህ አይደል ያቺ ኪስ ምትገባ ሚመስላት ግን ማትገባው፣ እሷን ያገለገለች በርካሽ አገኘሁ፣ ማንም አይፈልጋትም አሁን፣ በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ገመድ አውጥቼ ከስፒከር ጋ አገናኘሁት። ሁለት ቀጭን ድንጋይ ነው ምትበላው፣ ስፒከሩ ደግሞ ኤፍ ኤም አለው። ጠቅላላ ወጪዬ ካንተ በጀት ግማሽ አይሞላም። ችግሯ ሁለት ቦታ ማብራት ሁለት ቦታ ማጥፋት ነው፣ አባቴ ስፒከሩን ያጠፋና ሲዲዋ ብቻዋን ስትዞር ታድራለች ጠዋት ድንጋዩ አልቆ ታገኘዋለህ። ሌላው ገመዷ፣ ድመቷ ሁለት ጊዜ ጎትታ ጥላብኛለች።

ድሮ እኮ በመተማ በኩል ስንት አይነት ቴፕ ይገባ ነበር፣ አሁን ያኛውም በኩል ጦርነት ሆነ።

ሞገድ፦

ስለ ሲዲው ብዙ ተባለ፣ ስለ ሬዲዮው ማን ተናገረ? አባትህ ማታ ማታ የጀርመን ድምፅ ሚሰሙ ከሆነ አጭር ሞገድ ያስፈልጋቸዋል፣ አሁን ሚሸጡት ቴፖች ግን ብዙዎቹ ኤፍ ኤም ብቻ ናቸው፣ ቢበዛ ኤኤም ይጨምራሉ። ኤስ ደብሊው ሚል ፊደል መደወያው ላይ ካላየህ አጭር ሞገድ የለውም፣ ሻጩ "ሁሉንም ይይዛል" ቢልህም እንዳትሰማው። ኤፍ ኤም ማለት ማስተላለፊያው ቅርብ ሆኖ ተራራ ካልጋረደው ነው ሚሰማህ፣ ጎንደር ደግሞ ተራራ በተራራ ነው።

ያገለገለ ምትገዛ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ፣ ከጃፓን የመጣ ቴፕ። እቃው ጥራቱ አይወራም፣ ግን የጃፓን ኤፍ ኤም ከ76 እስከ 95 ያህል ነው የኛ ከ87.5 እስከ 108፣ ስለዚህ ከ95 በላይ ያሉት ጣቢያዎች በሙሉ የሉም ማለት ነው። መብራቱም 100 ቮልት ነው። መደወያውን እስከ ጥግ አዙረህ 108 መድረሱን አይተህ ግዛ።

ቤት ስታስቀምጠው ደግሞ ቆርቆሮ ቤት ከሆነ መስኮት አጠገብ አድርገው። ቀጥ ብሎ ሚወጣው አንቴና ለኤፍ ኤምና ለአጭር ሞገድ ነው፣ ለኤኤም ምንም አይጠቅምም፣ የኤኤሙ አንቴና ውስጡ ያለች ጥቁር ዘንግ ናት፣ ስለዚህ ኤኤም ሲያስቸግር አንቴናውን ከመጎተት ራሱን ሬዲዮውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዙረው። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ነው አንቴና ሚሰብረው። ሌላው እነዚህ ርካሽ አምፖሎችና ርካሽ ቻርጀሮች፣ እነሱ ናቸው ሬዲዮውን ዝዝዝ ሚያሰኙት፣ እኔ ማታ ዜና ሰአት ላይ የቤቱን ቻርጀር ሁሉ እነቅላለሁ ሚስቴ አብዷል ትለኛለች። መብራት የጠፋ ቀን እንዴት ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ብታይ፣ መብራት ሃይልን ማመሰግንበት ብቸኛ ሰአት እሱ ነው።

ማራኪ_ልጅ፦

ሞገድ ሃሃሃ ገደልከኝ። ባለሲዲው ግን ትንሽ ቆይተህ ወደኔ ሃሳብ ነው ምትመጣው እዚሁ ነኝ።

ባለሲዲው፦

ቤተሰብ ወሬ ይዤ መጥቻለሁ። ካቻቢቴ ሶስት ሲዲ ይዘህ ሂድ ስላለኝ የትኞቹን ልውሰድ ብዬ ጎረቤት ጋ ያለ የድሮ ዲቪዲ ዴክ ላይ አንድ በአንድ ልሞክራቸው ቁጭ አልኩ፣ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። እና ምን ሆነ መሰላችሁ፣ 19ኙ ሲዲ ስከታቸው ቲቪው ላይ ምስል መጣ! ዘማሪዎቹ ነጭ ለብሰው ሜዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ። እኔ ልጅ ሆኜ ሁላችንም ሲዲ ነበር ምንለው እንጂ ቪሲዲ ነው ብሎ ማን ይለይ ነበር። 9ኙ ደግሞ ኤምፒ3 ናቸው አንዱ ላይ 140 ምናምን ፋይል አለ። 4ቱ ምንም አያነብቡም። ተራ ሲዲ የሆኑት 31 ብቻ ናቸው። አባቴን ጠየኩት፣ "እነዚህ እኮ በድሮው ቴፕም አይሰሩም ነበር፣ ደክመው ነው ብዬ ነበር ያስቀመጥኳቸው" አለኝ። ስንት አመት ሙሉ።

አሁን ግራ ገባኝ፣ ቴፑን ብገዛው ግማሹን አያነብለትም ማለት ነው?

ካቻቢቴ፦

አዎ የሲዲ ቴፕ ቪሲዲ አያነብም፣ ቅርጹ አንድ ሆነ እንጂ ውስጡ ፊልም ነው፣ ምስል መፍቻ ያለው ዴክ ይፈልጋል። ኤምፒ3ውንም አሮጌ ቴፕ አያነብም፣ ክዳኑ ላይ ኤምፒ3 ተብሎ ከተጻፈበት ነው። ልዩነቱን ለማወቅ፣ ተራ ሲዲ ቢበዛ 80 ደቂቃ ነው ሚይዘው፣ እዛው ሲዲ ላይ ኤምፒ3 አድርገህ ብትጭን ወደ 12 ሰአት ይገባል። አንድ ሲዲ ላይ ከመቶ በላይ ካለ ኤምፒ3 ነው አለቀ።

እነዛን 4ቱን ወደ መብራት አንስተህ እያቸው። በጀርባቸው፣ ማለት በሚያበራው በኩል፣ ጭረት ብቻ ከሆነ ተስፋ አላቸው፣ እዛ በኩል ወፍራም ፕላስቲክ ነው ሊወለወል ይችላል፣ የጥርስ ሳሙና ነካ አድርገህ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ ቀጥ እያረክ፣ ዙሪያውን አታሽከርክር። ጽሁፍ ባለበት በላይኛው በኩል ተፍቆ ብርሃን ሚያሳልፍ ቀዳዳ ካየህ ግን ተወው፣ መረጃውን ሚያንጸባርቀው ብርማ ነገር ያለው እዛው ከጽሁፉ ስር ነው፣ እሱ ከተላጠ መመለሻ የለውም። ብዙ ሰው ከታች በኩል እንዳይጫር ተጠንቅቆ ከላይ በኩል ጠረጴዛ ላይ ይደፋዋል፣ ተገላቢጦሽ።

ፕሪንት_ኮፒ፦

እኔ ኮምፒዩተር ቤት ነው ምሰራው፣ ይሄ ቀላል ነው። የቪሲዲውን ድምፁን ብቻ አውጥቶ ወደ ተራ ሲዲ መገልበጥ ይቻላል። ሲዲውን ኮምፒዩተር ላይ ስትከፍተው ኤምፔግኤቪ ሚባል ፎልደር አለ፣ ውስጡ ዳት ሚሉ ፋይሎች ናቸው፣ እነሱን ወደ ድምፅ ቀይረህ በኦዲዮ ሲዲ ትጽፋለህ። ስታስጽፍ ግን ሶስት ነገር ንገራቸው፣ ኦዲዮ ሲዲ በሉልኝ ዳታ ሲዲ እንዳይሆን፣ ቀስ ብላችሁ ጻፉት በከፍተኛ ፍጥነት አታቃጥሉት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ፋይናላይዝ አድርጉት፣ ካልተዘጋ ኮምፒዩተሩ ያነበዋል ቴፑ ግን አያነበውም።

31ዱንም ቅጂ ያዝላቸው ባይ ነኝ፣ የተቀዳ ሲዲ ፀሀይ ካገኘው ይበላሻል። እዚህ ላይ ሰው ሁሌ ሚሳሳተው አለ፣ ተራ ሲዲ ኮምፒዩተር ላይ ስትከፍት ትራክ 01 ትራክ 02 እያለ ሲዲኤ ሚሉ ፋይሎች ታያለህ፣ እነሱን ወደ ፍላሽ ኮፒ ብታረግ ምንም የለም፣ እያንዳንዱ 44 ባይት ናት፣ ዘፈኑ የት ቦታ እንደሚጀምር ምትጠቁም ምልክት እንጂ ዘፈኑ አደለችም። አንድ ደንበኛ እንዲህ አርጎ ኮፒ አርጎ ሲዲዎቹን በሙሉ ለልጆች መጫወቻ ሰጥቶ መጣ፣ ፍላሹን ስከፍተው ምን ልበለው። በፕሮግራም ሪፕ ተደርጎ፣ ማለት ድምፁ ራሱ ወደ ፋይል ተቀይሮ ነው ሚወጣው። ባዶ ሲዲ ግን እየጠፋ ነው፣ ካገኘህ ሰብሰብ አርገህ ግዛ።

ማራኪ_ልጅ፦

ፍላሽ ብያለሁ!!

ባለሲዲው፦

ተሳካ! ትንሽ ልተርክላችሁ። አንድ ቤት ለቀው ሚሄዱ ሰዎች እቃ እየሸጡ ነው ሲባል ሰምቼ ሄድኩ፣ ሶፋና ቁም ሳጥን መሃል አንድ ግራጫ ቴፕ፣ እጀታ ያለው፣ ሲዲ፣ ካሴት፣ ሬዲዮ፣ ሁሉም። ክዳኑ ላይ ኤምፒ3 ይላል። ከኋላው 220 ይላል። ስምንት ትልቁን ድንጋይ ነው ሚወስደው፣ የድንጋይ ቤቱ ንጹህ። መደወያው ላይ ኤስ ደብሊው 1 እና 2 አለ፣ ኤፍ ኤሙ 108 ይደርሳል። ሰውየው 6 ሺህ ብሎ ነበር፣ ሶስቱን ሲዲዎቼን አውጥቼ አንድ በአንድ መክተት ስጀምር ፊቱ ተቀየረ፣ "አንተ ልጅ ጠጋኝ ነህ እንዴ?" አለኝ። የተጫረችው የመጨረሻው ትራክ ላይ ትንሽ ዘለለች፣ ድምፅ መጨመሪያውም ኮርኮር ይላል፣ በሱ አመካኝቼ 4 ሺህ 800 ተስማማን። ካቻቢቴ የ1 ሺህ 200 ብሯ ያንተ ናት ቡና አለብኝ።

አንድ ያላሰብኳት ነገር፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከትራክ 1 ነው ሚጀምረው። መዝሙር ላይ ችግር የለውም፣ የአንድ ሰአት ስብከት በአንድ ትራክ የተቀዳችዋ ላይ ግን አባቴ አራት ጊዜ መግቢያውን ሰምቷል፣ "ይሄ ሰባኪ ዛሬ ከሰላምታ አላለፈም" እያለ። ስለዚህ ቪሲዲዎቹን ፕሪንት_ኮፒ ባለው መንገድ ሳስገለብጥ ስብከት ያለባቸውን በየአስር ደቂቃው ትራክ አስቆርጬባቸዋለሁ፣ ቢያንስ ወደ ሰማበት አካባቢ እየዘለለ ይደርሳል። 12ቱ አልቀዋል 7 ይቀራሉ። ከ4ቱ ሟቾች አንዷ በጥርስ ሳሙና ተነስታለች፣ ሶስቱ ላያቸው ተልጧል።

የጀርመን ድምፅም ይሰማል፣ ሞገድ እንዳልከው ቻርጀር ሁሉ ነቅለን።

ችግር ያለባት ያቺ ፕላስተር የተለጠፈባት ናት፣ ስትዞር ድር ድር ድር ትላለች ቴፑም ይንቀጠቀጣል።

ካቻቢቴ፦

እንኳን ደስ ያለህ። ፕላስተሩን ንቀለው ወንድሜ፣ ሲዲ በጣም ነው ሚፈጥነው በአንድ በኩል ከከበደ እንደተጣመመ ጎማ ነው ሚሆነው፣ ሞተሩንም ሌንሱንም ይጎዳል። ምልክት ከፈለክ ማቀፊያው ላይ ለጥፍ።

ባለሲዲው፦

ማቀፊያ የላቸውም እኮ፣ ብስኩት ቆርቆሮ አልኩህ። ፕላስተሩን ከነቀልኩት በምን ይለያት?

እመት_አዘዞ፦

ልጄ ከጨርቅ ኪስ ይሰፋላቸው፣ የነጠላ ቁራጭ ለስላሳ ነው አይጭርም። ላዩ ላይ ቁልፍ ይተከልበት፣ ማህሌት ያለበት አንድ ቁልፍ፣ ስብከት ሁለት፣ መዝሙር ሶስት፣ ወይ ትልቅና ትንሽ እያደረጋችሁ። አባትህ ዳብሰው ያውቁታል። የኔ እናትም ስኳርና ጨውን እንደዛ ነበር ምትለየው አይኗ ሲደክም።

ባለሲዲው፦

እትዬ ይሄን ለእናቴ ካነበብኩላት ጀምሮ መርፌና ክር ይዛ ቁጭ ብላለች። አባቴ የጽጌዋን በትልቅ ቁልፍ አድርጉልኝ ብሎ ትእዛዝ ሰጥቷል። ቁልፍ ግን አላዳረሰም መሰለኝ፣ ጠዋት ሸሚዜን ልለብስ ሳነሳው ከላይ እስከ ታች አንድም የለበትም።